"የትኛው ጨረር?" ከጦሳ ፀሐይ እስከ ራጅ ክፍል

ጨረር ማለት ከአንድ ምንጭ ተነስቶ ወደ ውጪ የሚወረወር ብርሃን ወይም በዓይን የማይታይ ኃይል ነው፣ ባጭሩ። ግን እኛ ደሴ ላይ ይቺ ቃል በቀን ስንት ቦታ እንደምትሰራ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት ጉሙ ገለል ሲልና ፀሐይዋ መጀመሪያ የጦሳን ተራራ ግንባር ስትመታ የምናየው ጨረር ነው። የጎረቤት ልጅ የሂሳብ ደብተሯ ላይ አንድ ነጥብ አድርጋ ከዛ በቀስት የሚያልቅ መስመር ታሰምርና እሱንም ጨረር ትለዋለች፣ መነሻ ያለው መጨረሻ የሌለው መስመር ማለት ነው። ሀኪም ቤት "የጨረር ህክምና ያስፈልጋታል" ሲባል ቤተሰብ ሙሉ ይደነግጣል። ሰፈር ውስጥ የኔትወርክ ታወር ሲተከል ደሞ "ይሄ ጨረር ሊጨርሰን ነው" የሚል አይጠፋም። አራቱም ቦታ ቃሉ አንድ ነው ነገሩ ግን ለየቅል ነው፣ ስለዚህ አንድ ሰው "ጨረር አደገኛ ነው ወይ" ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ ሁሌም "የትኛው?" ነው።

ባለሙያዎቹ ትንሽ ለየት ያደርጉታል። አንዱ መስመር፣ አንዱ ዘለላ ጨረር ሲሆን ጠቅላላ ክስተቱን ጨረራ ይሉታል፣ የህግ ቋንቋውም እንደዛ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 የሚለው የጨረራና የኒውክሌር መከላከያ ብሎ ነው። ሰው ግን ለሁለቱም ጨረር ነው የሚለው፣ እኔም እዚህ እንደ ሰው ነው የምጽፈው።

ጨረር ዘመዶችም አሉት። ጮራ እህቱ ናት ግን ላቦራቶሪ አትገባም፣ "የተስፋ ጮራ"፣ "ፀሐይ ጮራዋን ፈነጠቀች" እንላለን እንጂ "የኤክስ ጮራ" ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ጸዳል ግዕዝ ግዕዝ ይሸታል፣ ለፊት ብሩህነት ለክብርና ለቅድስና የሚሆን ቃል ነው። ወጋገን ፀሐይ ገና ሳትወጣ ሰማዩ ሲገረጣ ያለው ነው። ነጸብራቅ ደሞ ሌላ ነገር ላይ አርፎ የሚመለሰው፣ ሸዋበር ላይ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ጣሪያ በረፋዱ ዓይን ሲያጥበረብር ማለት ነው። እዚህ ወሎ ላይ ኑርም አለ፣ ከአረብኛ ነው፣ ብርሃን ማለት። አንድ ግቢ ውስጥ ብርሃኑና ኑሩ የሚባሉ አብሮ አደጎች ታገኛላችሁ፣ አንዱ በመስቀል አንዱ በኢድ እየተጠራሩ ያድጋሉ፣ ስማቸው አንድ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ ማንም ልብ አይለውም።

ከተማዋ ራሷ ከብርሃን ጋር የተያያዘ ታሪክ አላት። ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳሉ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደንቀው ቦታውን ከተማ እንዳደረጉትና ደሴ የሚለውም ከደስታ እንደመጣ ይነገራል። በዛው ዓመት መስከረም ላይ የታየው ታላቁ ጅራታም ኮከብ በቀን፣ ፀሐይ አጠገብ ሆኖ ሳይቀር በዓይን ይታይ ነበር። የጅራታም ኮከብ ብርሃን ግማሹ የፀሐይ ነጸብራቅ ነው፣ ከኮከቡ በረዶ ከሚወጣው አቧራ ላይ የሚመለስ፣ ግማሹ ደሞ የፀሐይ ጨረር ጋዙን ነክቶት ጋዙ ራሱ ሲያበራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ራጅ። ኤክስሬይ የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ነው እንጂ አፍ ላይ ያለው ራጅ ነው፣ "ራጅ ተነሳሁ"፣ "ራጅ ታዘዘልኝ"፣ "ራጅ ክፍል የት ነው"። ግሱን ልብ በሉልኝ፣ ፎቶ እንደምንነሳው ነው የምንነሳው። ቃሉ እንደ ፒያሳ እንደ ጎሚስታ እንደ ኩሽኔታ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ በነሱ ቋንቋ ራጂ ማለት ደሞ ሌላ ምንም ሳይሆን ጨረሮች ማለት ነው። እና ራጅ የተነሳ ሰው ሁሉ ጨረር ተነስቷል ማለት ነው።

ይሄን የምለው በምክንያት ነው። የእህቴ ልጅ ሆጤ ኳስ ሲጫወት ወድቆ አንጓው አበጠ፣ እማማ ወጌሻ ካልሆነ ብለው ያዙት፣ ወጌሻው ደሞ ዘመናዊ ሰውዬ ነው ዳሰስ አደረገውና "መጀመሪያ ራጅ ተነስታችሁ ኑ" አለን። አንድ ክሊኒክ ሄድን፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ በሩ ላይ ያቺ ቢጫ መደብ ላይ ሶስት ክንፍ ያላት ምልክት ተለጥፋለች ከስሯ "እርጉዝ ከሆኑ ይንገሩን" ይላል። እማማ ምልክቷን አይተው ደነገጡና ባለሙያውን "ልጄ ጨረር ምናምን የለውም አይደል?" አሉት። እሱ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰራ የዋለ ነው መሰለኝ ቀና ሳይል "የለውም እማማ፣ ራጅ ብቻ ነው" አላቸው። እኔ ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን ተመስገን ብለው ተቀመጡ።

ፊልሙን በቡኒ ፖስታ ተቀብለን ፒያሳ ማኪያቶ ቤት ገባንና ወደ መስኮቱ አዞርነው፣ በጨረር የተነሳውን ለማየት መልሶ ብርሃን ያስፈልጋል አይደል። አጥንቱ ነጭ፣ ስጋው ግራጫ፣ ባዶው ጥቁር። እንደዛ የሚሆነው አጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ጨረሩን ስለሚያስቀረው ነው፣ ስጋ ያሳልፈዋል፣ ጨረሩ የደረሰበት የፊልም ቦታ ይጠቁራል ያልደረሰበት ነጭ ይቀራል። ስለዚህ ራጅ ላይ የምናየው አጥንቱን ሳይሆን የአጥንቱን ጥላ ነው ማለት ይቻላል። የልጁ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር፣ በጀሶ ዳነ።

ነገሩን ያገኘው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ነው፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ቩርዝቡርግ ከተማ ውስጥ ጨለማ ክፍል ሆኖ የኤሌክትሪክ ቱቦ ሲሞክር ራቅ ብሎ ያለ ኬሚካል የተቀባ ወረቀት አበራበት። ምን እንደሆነ ስላላወቀ ሂሳብ ላይ የማይታወቀውን ኤክስ እንደምንለው ኤክስ አለው፣ ስሙ በዛው ቀረ። ከሳምንታት በኋላ የሚስቱን እጅ አነሳ፣ አጥንቷና የጣቷ ቀለበት ወጣ። በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ወሰደ።

ሳይንሱን በአንድ ትንፋሽ ልበለው። የምናየው ብርሃን፣ የሬዲዮ ሞገድ፣ የዋይፋይ፣ የማይክሮዌቭ፣ ከምድጃ ፊት የሚሰማን ሙቀት፣ ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት፣ ኤክስሬይ፣ ጋማ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ሁሉም በሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳሉ፣ ልዩነታቸው የሞገዳቸው እርዝመትና የሚሸከሙት ጉልበት ነው፣ ዓይናችን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለችውን ጠባብ ቁራጭ ብቻ ነው ከሷ ውጪ ያለው ሁሉ ለኛ ጨለማ ነው። ትልቁ መስመር የሚሰመረው ጉልበቱ ከአተም ላይ ኤሌክትሮን ይነቅላል ወይስ አይነቅልም በሚለው ላይ ነው። ኤክስሬይና ጋማ ይነቅላሉ፣ ስለዚህ ሴል ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ሊጎዱ ይችላሉ። ሬዲዮ፣ ዋይፋይ፣ የስልክ ታወር ይሄ ጉልበት የላቸውም፣ ሲበዛ የሚያደርጉት ማሞቅ ነው፣ ታወር ስር በሚቆም ሰው ላይ ደሞ እሱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ታወሩን የሚፈሩ ሰዎች ከጄኔሬተሩ ጩኸት ጋር ቢጣሉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከዚህ ሌላ ከንጥረ ነገር ውስጥ በራሱ የሚወጣ ጨረር አለ። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ቤክሬል በ1896 ዩራኒየም ላይ አየው፣ ማሪና ፒየር ኩሪ በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። አልፋ የሚባለውን ወረቀት ያቆመዋል፣ ቤታን ስስ የአሉሚኒየም ዝርግ፣ ጋማን ግን ወፍራም እርሳስ ወይም ኮንክሪት ነው፣ ራጅ ክፍል ግድግዳና በር ላይ እርሳስ የሚገባውም ለኤክስሬዩ በዚሁ ምክንያት ነው። ይሄ ጨረር ከመሬት ከድንጋይ ከሰማይም ስለሚመጣ ማንም አያመልጠውም፣ በዓለም አማካይ አንድ ሰው በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚያገኘው ጨረር የሚለካበት ነው) ገደማ ያገኛል። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ገደማ ነው፣ ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ቁጭ እንደማለት። የደረት ሲቲ ስካን ግን ወደ 7 ይደርሳል፣ ስለዚህ "ለማንኛውም ሲቲ ልነሳ" ማለት ጥሩ ልማድ አይደለም። እማማን የምነግራቸው የነበረው ይሄን ነው፣ ጨረር አለው ግን ትንሽ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ደሞ ክፍሉ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም፣ አምፖል ሲጠፋ ብርሃን ጥግ ተደብቆ እንደማይቀረው። እኛጋ መብራት ሲሄድ ራጁም አብሮ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ራጅን ፈርቶ የሚንቀው ጨረር የፀሐይዋን ነው። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎሜትር እንኳን በቅጡ አይሞላም። አልትራቫዮሌት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ ሰማዩ እኩል ከጠራ ብርድ ላይ ያለው ደሴዬ ሙቀት ላይ ካለው ኮምቦልቼ የበለጠ ይመታዋል። ቆዳ ሙቀትን ይሰማል፣ አልትራቫዮሌትን አይሰማም። በዛ ላይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆንን በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ 11 ገደማና ነሐሴ አጋማሽ አለፍ ሲል፣ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፣ ያኔ የመብራት ምሰሶ እንኳን ጥላ የለውም። ዓመታት የተጠራቀመው አልትራቫዮሌት ዓይን ላይ ሞራ ያፋጥናል፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዓይን የሚሰለፉ ገበሬዎችን ያየ ባርኔጣ አይንቅም።

ህፃን ፀሐይ ማሞቅ ግን ሌላ ነው፣ እናቶቻችን ልክ ናቸው። ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሰራው በዚሁ አልትራቫዮሌት ነው። ስህተቱ ብርዱን ፈርቶ መስኮት ዘግቶ በመስታወት ማሞቁ ላይ ነው፣ መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን ያሳልፋል የሚፈለገውን የጨረር ዓይነት ግን ያስቀረዋል። ልጁ ይሞቀዋል፣ ቫይታሚኑን አያገኝም። ተወልዶ ቢጫ የሆነ ህፃን ደሞ በፀሐይ ብቻ አይታለፍም፣ ሆስፒታል ውስጥ ያለው ሰማያዊ መብራት ቢጫውን ነገር ከሰውነት በቀላሉ ወደሚወጣ ቅርጽ የሚቀይር በልክ የተመጠነ ብርሃን ነው።

ኮምቦልቻ ሲወረድ ጨረር የብየዳ ነው። የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፣ በር ሰሪው መስኮት ሰሪው በየመንገዱ ዳር ነው፣ እና ማታ ላይ "ብየዳ መታኝ" የሚል ልጅ አይጠፋም፣ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ እንደተበተነበት ያቃጥለዋል ድንች ቆርጦ ያስራል። የመታው ብልጭታው ሳይሆን ከብልጭታው ጋር የወጣው አልትራቫዮሌት ነው፣ የዓይንን ብሌን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ያቃጥለዋል፣ የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ነው ልጁ ቀን ላይ ጀግና የሚሆነው። ድንቹ ያቀዘቅዛል፣ የሚከለክለው ግን መነፅሩ ነው፣ እሱም ተራ የፀሐይ መነፅር አይደለም። ኤርፖርቱ ላይ ሻንጣ የሚያልፍበት ማሽንም ራጅ ነው፣ በሶው ሲያልፍ አይመረዝም፣ ጨረሩ አልፎ ይሄዳል እንጂ ምግቡ ውስጥ አያድርም።

ከዛ ወደ ደሴ ሲመለሱ ሀረጎ ዳገት ላይ የተጫነ አይሱዙ ቆሞ ሹፌሩ "ራዲያተሩ ፈላ" ሲል ትሰማላችሁ። ራዲያተር፣ ሬዲዮ፣ ራዲየም፣ ክብ ላይ ያለው ራዲየስ፣ ራጅም ጭምር፣ ሁሉም ራዲየስ ከሚል የላቲን ቃል የወጡ ናቸው፣ የሰረገላ ጎማ መሃል ያለውን ዘንግ ይሉበት የነበረ፣ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ ማለት። የሚገርመው ራዲያተር ስሙ ጨረር አመንጪ ይሁን እንጂ ሞተር የሚያበርደው በአብዛኛው በሚነፍስበት አየር ነው።

የመጨረሻው ከባዱ የጨረር ህክምና ነው፣ የካንሰር። እዚህ ጉዳቱ ራሱ መድኃኒት ይሆናል፣ የሚራባውን ሴል ዲኤንኤ መስበር ነው የተፈለገው፣ ጨረሩ ከተለያየ አቅጣጫ እየተላከ እጢው ላይ ይገናኛል፣ ጤነኛው አካል ጥቂት ጥቂት ይደርሰዋል፣ እጢው ድምሩን ይወስዳል። በአንዴ አይሰጥም፣ ለሳምንታት ይከፋፈላል፣ ጤነኛው ሴል በመካከሉ እንዲያገግም። ለብዙ ዓመታት በሀገሪቱ ይሄን የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ኮባልት በሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በሚሰራ ማሽን፣ በኋላ ነው ሌላ ዓይነት ማሽን የገባውና እነ ጅማና ሐረርም የጀመሩት። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር ነው፣ ስለዚህ ለወሎ ሰው የጨረር ህክምና ማለት ወረፋና ዘመድ ቤት መክረም ማለትም ነው። የሰፈራችን አንዲት ሴትዮ እንደዛ ከርመው ሲመለሱ ሰው እየፈራ "እንዴት ሆነልዎ?" ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ የመለሱት "አብሽሩ፣ ጨረሩን ጨረስኩት" ነበር።