ከፖስትሞደርን ጥርጣሬ በኋላ ሂዩማኒቲስ (እንደ ታሪክ፣ ስነ ፅሁፍና ፍልስፍና ያሉት ጥናቶች) ወዴት እየሄደ ነው?

ፖስትሞደርኒዝም ሲባል ብዙ ሰው "እውነት የሚባል ነገር የለም" ማለት ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን ከዛ ሰፋ ይላል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሊዮታር እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ጥናት ትልልቅ ትርክቶችን አለማመን ነው ብሎ ፈታው፣ ማለትም ታሪክ ሁሌ ወደ እድገት ይሄዳል፣ ሳይንስ ሰውን ነፃ ያወጣል የሚሉትን። ከሱ ቀደም ብሎ አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሄይደን ዋይት በ1973 የታሪክ ፀሐፊም እንደ ልቦለድ ደራሲ የትረካ ሴራ (ፕሎት) መርጦ ነው ማስረጃውን የሚያደራጀው ብሎ ነበር። ፈረንሳዮቹ ፈላስፎች ደሪዳና ፉኮ ሲጨመሩበት በተለይ አሜሪካ ሊትሬቸር ዲፓርትመንቶች ውስጥ መጠርጠር ራሱ ዋናው ስራ ሆነ።

ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። ይሄን ሰነድ ማን ፃፈው፣ የማን ድምፅ ቀረ፣ ማንን ለመግዛት ተዘጋጀ ብሎ መጠየቅ አሁን የማንም ተመራማሪ ስራ ነው፣ የቅኝ ግዛት መዛግብትን ያለዚህ ጥያቄ ማንበብ አይቻልም። ችግሩ የመጣው ጥያቄው ማለቂያ ሲያጣ ነው፣ ሁሉም ትርክት ከሆነ ውሸታሙንስ በምን ትለየዋለህ?

ይሄ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። ዴቪድ ኢርቪንግ የሚባል እንግሊዛዊ ፀሐፊ ሆሎኮስትን፣ ማለትም ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈፀሙትን የጅምላ ጭፍጨፋ፣ ይክዳል ብላ የፃፈችውን አሜሪካዊቷን የታሪክ ምሁር ዲቦራ ሊፕስታትን ከነአሳታሚዋ ከሰሳት፣ በእንግሊዝ የስም ማጥፋት ህግ ደግሞ የፃፉት እውነት መሆኑን ማስረዳት ያለባቸው ተከሳሾቹ ናቸው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ኢቫንስ ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር ሆኖ የኢርቪንግን የግርጌ ማስታወሻዎች እየመዘዘ ከዋናዎቹ የጀርመንኛ ሰነዶች ጋር አመሳከረ። አንዱን ብቻ ላንሳ፦ የናዚ ኤስኤስ አዛዥ የነበረው ሂምለር በኖቬምበር 30, 1941 በስልክ ማስታወሻው ላይ ከበርሊን ስለሄደ የአይሁዶች ጉዞ ፅፎ እንዳይገደሉ ይላል፣ ኢርቪንግ ይሄን ይዞ ሂትለር አይሁዶች በጠቅላላ እንዳይገደሉ አዟል አለ። ማስታወሻው ግን የሚያወራው ስለ አንድ ጉዞ ነው፣ ሂትለር አዘዘ የሚልም አልተፃፈበትም፣ የዛ ባቡር ተሳፋሪዎችም ላትቪያ ውስጥ ሪጋ ከተማ አጠገብ የዛኑ ቀን ጠዋት ተገድለው ነበር። በ2000 ዳኛው ኢርቪንግ ማስረጃን ሆን ብሎ አጣሟል ብሎ ፈረደ። ለኔ ከብዙ የቲዎሪ መፅሐፍ ይልቅ ይሄ ጉዳይ ነው የሚያሳምነኝ፣ ምክንያቱም ፍፁም እርግጠኝነት ሳያስፈልግ አንዱ አነባበብ ከሌላው እንደሚሻል በሰነድ ታይቷል።

ከዛ በኋላ ከውስጥም ድምፅ መሰማት ጀመረ። ሳይንስ እንዴት እንደሚሰራ ሲመረምር የኖረው ብሩኖ ላቱር በ2004 የአየር ንብረት ለውጥን የሚክዱ ሰዎች የኛኑ የጥርጣሬ መሳሪያ እየተጠቀሙበት ነው ብሎ በግልፅ አስጠነቀቀ። የስነ ፅሁፍ ምሁሯ ሪታ ፌልስኪ በ2015 ደግሞ ድርሰትን እንደ ተጠርጣሪ ብቻ መመርመር አንባቢ ለምን መፅሐፍ እንደሚወድ እንኳን ማስረዳት አይችልም አለች።

አፍርሶ ከመተው አልፎ ለመገንባት ሰፊ ሙከራ ያደረገው የሃይማኖት አጥኚው ጄሰን ጆሴፍሰን ስቶርም ነው፣ በ2021 ባወጣው ሜታሞደርኒዝም በሚለው መፅሐፉ። ሃሳቡ ባጭሩ ጥርጣሬውንም ጠርጥረው ነው፣ እርግጠኝነት ባይኖርም እየታረመ የሚሄድ ትሁት እውቀት ይኖራል። "ሃይማኖት" ወይም "ጥበብ" የሚሉት ምድቦች በየዘመኑ ይለዋወጣሉ፣ ስለተለዋወጡ ግን የሉም ማለት አይደለም፣ እንዴት እንደተፈጠሩና ምን እንደሚያፀናቸው ይጠናል። ምሁር ለምን እንደሚያጠና፣ ጥናቱ ለሰው ልጅ ደህንነት ምን እንደሚሰራ ሳያፍር ይናገር ይላል።

እኛም ጋ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፣ የታሪክ ክርክር "ይሄ ያንተ ትርክት ነው" ተብሎ ሲዘጋ በየቀኑ እናያለን፣ ሰነዱ ግን እንደተቀመጠ ይቀራል፣ ሊገለጥና ሊመሳከር የሚችል።

ሁሉም አልተስማማም። ጥርጣሬው ከላላ ስልጣንን የሚሞግት አይኖርም የሚሉ አሉ፣ ስጋታቸውም ተገቢ ነው፣ ግን ኢቫንስ ያደረገውም ጥርጣሬ ነው፣ ልዩነቱ የጠረጠረውን ይዞ መዝገብ ቤት መግባቱ ላይ ነው።