ኦሊምፒያ ዱካኪስ በቴሌቪዥን መስኮት

ኦሊምፒያ ዱካኪስ (1931–2021) የግሪክ ዝርያ ያላት አሜሪካዊት ተዋናይት ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት ኦስካር ባሸለማት «ሙንስትራክ» ፊልም ነው። በቴሌቪዥን ግን ከሽልማቱ በፊትም በኋላም ለአስርት ዓመታት ሠርታለች። በአማርኛ ስለዚህኛው ሥራዋ የተጻፈ እምብዛም የለም፤ ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀውም ለዚሁ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው ማሳቹሴትስ ውስጥ በምትገኘው የፋብሪካ ከተማ በሎውል ነው። ወላጆቿ የግሪክ ስደተኞች ነበሩ። ወንድሟ አፖሎም ተዋናይ ሆኗል። በቦስተን ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የተማረችው ፊዚዮቴራፒ ነበር፤ ተመርቃም የፖሊዮ ሕሙማንን ስትረዳ ቆይታለች። በፌንሲንግ፣ ማለትም በሰይፍ ግጥሚያ ስፖርት፣ የኒው ኢንግላንድ ሻምፒዮን እንደነበረችም ይነገራል። ከዚያ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመልሳ ትያትር ተማረች።

ኒውዮርክ ስትገባ ስሟ «የባዕድ» ስለሚመስል እንድትቀይረው ተመከረች። አሻፈረኝ አለች። በዚያ ዘመን ስማቸውን አሳጥረው ወይም አሜሪካንኛ አስመስለው ታዋቂ የሆኑ ስንትና ስንት ተዋንያን እንዳሉ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ውጤቱም በሥራዋ ላይ ታየ። ዳይሬክተሮች የሚሰጧት ሚና ጣሊያናዊት፣ አይሁዳዊት ወይም እንዲሁ «ከሆነ አገር የመጣች እናት» ሆነ። ያውም በወጣትነቷ። በ1969 በአንድ ፊልም የደስቲን ሆፍማን እናት ሆና ስትሠራ እሷ የምትበልጠው በስድስት ዓመት ብቻ ነበር!

መድረኩ ግን ይህን ሁሉ ክሷታል። በ1963 በጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት በብሬሽት ትያትር የኦቢ ሽልማት (ከብሮድዌይ ውጭ ለሚሠሩ የኒውዮርክ ትያትሮች የሚሰጥ) አገኘች፤ በ1985 ደግማ ወሰደች። በ1962 ካገባችው ከተዋናይ ሉዊስ ዞሪች ጋር ወደ ኒው ጀርሲ ሄደው በሞንትክሌር ከጓደኞቻቸው ጋር «ሆል ቲያትር»ን መሠረቱ። ትያትር ቤቱ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990 ቆይቷል። እሷ የኪነጥበብ ዳይሬክተሩ ነበረች፤ ትተውናለች፣ ታዘጋጃለች፣ ገንዘብም ትለምናለች። በዚያ ላይ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ትወና ታስተምር ነበር። ሦስት ልጆችም አሳድጋለች። አንድ ትንሽ ከተማ ይህን ያህል ዘመን የራሱ ባለሙያ ትያትር ያገኘው በእሷና በባልደረቦቿ ጉልበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቴሌቪዥን በእነዚህ ዓመታት የእንጀራ ጉዳይ ነበር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በየድራማው ብቅ እያለች ትጠፋ ነበር። በ1983 «ሰርች ፎር ቱሞሮው» በተባለው የቀን ተከታታይ ድራማ ላይ ዶክተር ባርባራ ሞሬኖን ተጫወተች። 

ከዚያ «ሙንስትራክ» መጣ። ዳይሬክተሩ ኖርማን ጁዊሰን በ1986 በኒውዮርክ ዋናው የትያትር መንደር በብሮድዌይ መድረክ ላይ አይቷት ነው ለሮዝ ካስቶሪኒ ሚና ያጫት። ሮዝ የብሩክሊን ጣሊያናዊት እናት ናት፤ ልጇን የምትጫወተው ዘፋኟ ሼር ነበረች። በሚያዝያ 1988 ሁለቱም ኦስካር ወሰዱ። ኦሊምፒያ 56 ዓመቷ ነበር። የአጎቷ ልጅ ማይክል ዱካኪስ በዚያው ሰሞን የዴሞክራቶች ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ለመሆን ይፎካከር ስለነበር ሐውልቱን ከፍ አድርጋ «በል ማይክል፣ እንቀጥል!» አለች። እሱ ዕጩነቱን አገኘ፣ በኅዳር ግን በጆርጅ ቡሽ ተሸነፈ። አንዳንዶች ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ግሪካዊት ናት ይላሉ። ስህተት ነው፤ ካቲና ፓክሲኑ በ1944 ቀድማታለች።

ሽልማቱ የቴሌቪዥንን በር በረገደው። በ1991 በ«ላኪ ዴይ» የቴሌቪዥን ፊልም ለኤሚ፣ ማለትም ለአሜሪካ ዋናው የቴሌቪዥን ሽልማት፣ ታጨች። በ1992 ስለ ፍራንክ ሲናትራ በተሠራው ተከታታይ ፊልም የዘፋኙን እናት ዶሊን ሆነች፤ ለጎልደን ግሎብ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማትም ታጨችበት። አሁንም ጣሊያናዊት እናት መሆኗ ነው። ዶሊ ግን በኒው ጀርሲዋ ከተማ በሆቦከን ፖለቲካ እጇ ረጅም የነበረ፣ አፏም የማይገታ ሴት ስለነበረች ሚናው ከተለመደው ይወፍራል።

ትልቁ የቴሌቪዥን ሥራዋ በ1993 መጣ። በአርሚስቴድ ሞፒን ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ የብሪታኒያው ቻናል ፎር ያሠራው «ቴልስ ኦፍ ዘ ሲቲ» ስድስት ክፍል አለው። ታሪኩ የ1970ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ነው። ዱካኪስ የተጫወተችው አና ማድሪጋልን ነው፤ በባርበሪ ሌን 28 ቁጥር የምታከራይ ሴት። ተከራዮቿን የምትቀበለው ግቢዋ ያበቀለችውን ማሪዋና ጠቅልላ በራቸው ላይ በመለጠፍ ነው። በኋላ እንደሚገለጠው አና ወንድ ተብላ ተወልዳ ወደ ሴትነት የተሸጋገረች፣ ማለትም ትራንስጀንደር ናት። በጊዜው በአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዲህ ያለች ገጸ ባህሪ ብትገኝ ወይ መሳቂያ ወይ ወንጀለኛ ነበረች። ዱካኪስ ሚናውን ከመጀመሯ በፊት ያን መንገድ ያለፈች ሴት እንዲያገናኟት ጠይቃ ነበር። ያገኘቻት ሴት ከሁሉ በላይ የናፈቃት ከሴቶች ጋር ጓደኝነት እንደነበር ነገረቻት። ተዋናይቷ ሚናውን በዚህ ላይ ገነባችው። አና ስትናገር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ስታዳምጥ አትቸኩልም። የተከራዮቿ ሁሉ እናት ናት፤ የማንም አገር ዘዬ ግን አላስፈለጋትም።

ድራማው በጥር 1994 በሕዝባዊው ጣቢያ ፒቢኤስ ለአሜሪካውያን ሲታይ ተመልካቹ ብዙ ነበር። ለምርጥ የብሮድካስት ሥራዎች የሚሰጠውን የፒቦዲ ሽልማትም አገኘ። ተቃውሞውም በዚያው ልክ ከረረ። በቴነሲዋ ቻታኑጋ አንድ ጣቢያ የቦንብ ዛቻ ስለደረሰው ድራማውን ሳያሳይ ቀረ። ፒቢኤስ ከተከታዩ ክፍል ሥራ ሲወጣ ምክንያቱ የገንዘብ ነው አለ። ሌሎች የፖለቲካ ጫና ነው ይላሉ። ሁለቱም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል፤ ግን ያን ያህል ሰው ያየውን ድራማ በገንዘብ ብቻ መተው አይዋጥም። ቀጣዩን ሾውታይም የተባለው የክፍያ ቴሌቪዥን ጣቢያ በ1998 አሳየው፤ ሌላም በ2001 ተከተለ። ዱካኪስ በ1998ቱ ለኤሚ ታጨች። በማግስቱ ዓመት በ«ጆን ኦፍ አርክ» የቴሌቪዥን ድራማ ለሦስተኛ ጊዜ ታጨች።

የ2000ዎቹ ሥራዋ ብዙ ነው፣ ግን የተበታተነ ነው። በ«ዘ ሲምሰንስ» የአረጋዊቷ ዜልዳ ድምፅ ሆናለች። በ«ቦርድ ቱ ዴዝ» ኮሜዲ ውስጥም አለች። በ2013 በሆሊውድ የታዋቂዎች መንገድ ላይ ኮከብ ተሰጣት። ባሏ ዞሪች በ«ማድ አባውት ዩ» የዋና ገጸ ባህሪው አባት ሆኖ በቴሌቪዥን የታወቀ ሲሆን በ2018 አርፏል።

በ2019 ኔትፍሊክስ «ቴልስ ኦፍ ዘ ሲቲ»ን ሲያድስ እሷና ከመጀመሪያው ድራማ ጀምሮ ከተከራዮቿ አንዷን የተጫወተችው ላውራ ሊኒ ወደ ቀድሞ ሚናቸው ተመለሱ። ዱካኪስ በወቅቱ ወደ 88 ዓመት ተጠግታለች። የወጣቷን አና ሚና ያገኘችው ራሷ ትራንስጀንደር የሆነችው ጄን ሪቻርድስ ናት። ዱካኪስ ግንቦት 1 ቀን 2021 ኒውዮርክ ውስጥ አረፈች። ኤሚ ሦስት ጊዜ ታጭታ አንዴም አልሰጧትም።