«ተደራሽነት» ሲባል ኔትወርክ ማለት አይደለም

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካለች ጠባብ ቢሮ ሆኜ ለሆቴሎች፣ ለክሊኒኮችና ለትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ እሠራለሁ። «ገጹ ተደራሽ መሆን አለበት» ባልኩ ቁጥር ደንበኛው የሚመልስልኝ አንድ ነው፦ «ኧረ ችግር የለም፣ እዚህ ፎር ጂ አለ!»

አልፈርድባቸውም። «የመብራት ተደራሽነት»፣ «የቴሌኮም ተደራሽነት» ሲባል እየሰማን ስለኖርን ቃሉ መስመር መዘርጋት ሆኖ ቀርቷል። በእኛ ሥራ ግን ገጹን የከፈተ ሰው፣ ዓይኑ ባያይም፣ ጆሮው ባይሰማም፣ እጁ ማውስ መያዝ ባይችልም፣ ጉዳዩን ጨርሶ መውጣት መቻሉ ነው። ከዚህ በታች በጥቅስ ያሉት ርዕሶች በሥራዬ የምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው።

«ዓይነ ስውር በስልክ ምን ያደርጋል? ሰው ያነብለታል እንጂ»

አንድ ዓይነ ስውር መምህር ጓደኛ አለኝ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠን ስልኩን አውጥቶ አንድ የሆቴል ገጽ ከፈተ። ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም ገጹ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ በጣም ከመፍጠኑ የተነሳ እኔ ቃል መለየት አቃተኝ። አዘገየልኝ። «ምስል፣ አይኤምጂ 2047። ምስል፣ አይኤምጂ 2048። በተን። በተን። በተን።»

«ስማ፣ ይሄ ሆቴል አልጋ ነው ወይስ ቁልፍ የሚሸጠው?» አለኝ።

ገጹን የሠራሁት እኔ ነበርኩ።

ስክሪን ሪደር ብርቅ ዕቃ አይደለም። አይፎን ላይ ቮይስኦቨር፣ አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ቶክባክ አብሮ ይመጣል። ለዊንዶውስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረው ኤንቪዲኤ በነፃ ይገኛል።

«አልት ቴክስት ከፎቶ ሥር የሚጻፍ ነው»

ከፎቶ ሥር የሚታየው ካፕሽን ነው። አልት ቴክስት ግን ኮዱ ውስጥ ተቀምጦ በምስሉ ፋንታ የሚነበብ ነው። ጉግል ፍለጋ ላይ ቀድሞ ለመውጣት ቃል የሚታጨቅበት ቦታም አይደለም፤ አንድ ባለቤት በሁሉም ፎቶ ላይ «ምርጥ ሆቴል ሐዋሳ ርካሽ ሆቴል» እንድጽፍ ለምኖኛል። «ከሰገነቱ ሐይቁ የሚታይ ባለሁለት አልጋ ክፍል» ብትል ይበቃል። ለጌጥ ብቻ የገባ ምስል ከሆነ አልቱን ባዶ ትተወዋለህ እንጂ ጨርሰህ አታጠፋውም፤ ካጠፋኸው ብዙ ጊዜ የፋይሉ ስም ይነበባል። የእኔ «አይኤምጂ 2047» የመጣው ከዚያ ነው።

«ፒዲኤፍ ከሆነ ጽሑፍ ነው»

ይሄ የአገራችን ትልቁ ጣጣ ይመስለኛል። የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይታተማል፣ ይፈረምበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ከዚያ ስካን ተደርጎ ይለቀቃል። ማኅተሙ ስላለ ሕጋዊ ይመስላል፤ ለስክሪን ሪደር ግን አንድ ፎቶ ነው፣ ውስጡ ፊደል የለም።

ሌላም አለ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ላይ ይደርቡት ነበር። በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ዛሬም ይዞራል፤ ዓይን «ማስታወቂያ» ያያል፣ ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው፤ የሚነበበውም እሱ ነው።

መፈተን ቀላል ነው። ቃሉን በማውስ ጎትተህ ምረጠው። አልመረጥ ካለ ምስል ነው። ተመርጦ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ከተዘበራረቀ የድሮ ፎንት ነው።

«ኮንትራስት የስክሪን ብርሃን ነው»

በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ያለ ልዩነት ነው፣ በቁጥር ይለካል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው፤ ለተራ ጽሑፍ ዝቅተኛው ልክ 4.5 ለ1። ዲዛይነሮች የሚወዱት ፈዛዛ ግራጫ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። ካላመንክ በቀትር ፀሐይ ሐይቁ ዳር ስልክህን ከፍተህ ሞክር፤ ጤነኛ ዓይንም ይሸነፋል።

«ትልቅና ደማቅ ከሆነ ርዕስ ነው»

ለዓይን አዎ። ኮዱ ውስጥ ርዕስ ተብሎ ካልተጻፈ ግን ስክሪን ሪደሩ ከርዕስ ርዕስ መዝለል አይችልም፤ ሰውየው ከላይ እስከ ታች ሁሉን ማዳመጥ ግድ ይሆንበታል።

«ትሪፕል ኤ ካልሆነ አይቆጠርም»

4.5 ለ1 የሚለው ቁጥር የመጣው ዳብሊው ስሪ ሲ፣ የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ከሚያወጣው የተደራሽነት መመሪያ ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1999፣ 2.2 የሚባለው ደግሞ በ2023 ወጣ። ሦስት ደረጃ አለው፦ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ። አብዛኛው ሰው የሚያነጣጥረው ደብል ኤ ላይ ነው። ትሪፕል ኤ ለአንዳንድ ይዘት ጨርሶ ስለማይሟላ፣ ለሙሉ ድረ ገጽ ግዴታ እንዲደረግ አውጪዎቹ ራሳቸው አይመክሩም። ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ቅንጦት ነው ለሚለኝ ደግሞ፦ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 ላይ ኢንተርኔት በስሙ ተጠቅሷል።

«አንድ ፕለጊን ጭነህ ገላግለን»

ፕለጊን ገጹ ላይ የሚጨመር ዝግጁ ፕሮግራም ነው፤ የሰው ምልክት ያለባትን ክብ በተን ገጹ ጥግ ላይ መለጠፍ ማለታቸው ነው። ፊደል ታሳድጋለች፣ ቀለም ትቀይራለች። ስካን የተደረገን ማስታወቂያ ጽሑፍ አታደርገውም፤ ፎቶው ውስጥ ያለው የትኛው ክፍል እንደሆነም አታውቅም።

የሆቴሉን ገጽ ሁለት ማታ አምሽቼ አስተካከልኩና ለጓደኛዬ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። «አልጋው ተገኝቷል፣ ሐይቁም ይታያል ተብሏል» አለኝ። «ዋጋው ግን የት ገባ?»

የዋጋ ዝርዝሩ ለካ ፎቶ ነበር።