የአሜሪካ ደጀን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፦ የሲቪሉ ኑሮና መብት

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ግንባሩ ነው፤ ስታሊንግራድ፣ ኖርማንዲ፣ ሂሮሺማ። ደጀኑ ይረሳል። ጃፓን ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ሃዋይ የሚገኘውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ ግን አሜሪካ ውስጥ ስኳሩም፣ ጎማውም፣ ደመወዙም፣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ሳይቀር በመንግሥት ትዕዛዝ ሥር ገባ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጦርነት ጊዜ የሲቪሉን መብት መገደብ በዚህ ጦርነት አልተጀመረም። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ አብርሃም ሊንከን፣ የታሰረ ሰው ዳኛ ፊት እንዲቀርብ የሚያስገድደውን መብት በ1861 አግዷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ጦርነቱን መቃወም ወህኒ ያስወርድ ነበር። የሶሻሊስቶቹ መሪ ዩጂን ዴብስ ኦሃዮ ውስጥ ባደረገው ንግግር 10 ዓመት ተፈርዶበት፣ በ1920 እስር ቤት ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ከ900 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቷል።

ወደ 1942 እንምጣ። ራሽኑ የጀመረው በመኪና ጎማ ነው፤ ጃፓን ደቡብ ምሥራቅ እስያን ስትወር ጎማው የሚመጣበት በር ተዘጋ። በፌብሩዋሪ ለሲቪል የሚሸጥ መኪና ማምረት ቆመ። በሜይ ስኳር፣ በኖቬምበር ቡና፣ በ1943 ደግሞ ሥጋ፣ አይብ፣ የታሸገ ምግብና ጫማ በኩፖን ሆኑ። ቤንዚንም ተራሽኗል፤ ዋናው ምክንያት ግን የነዳጅ እጥረት ሳይሆን ሰው ብዙ እንዳይነዳና ጎማው እንዳያልቅ ነበር። የፍጥነት ወሰኑም ለዚሁ ሲባል በሰዓት 35 ማይል ተደረገ። ጥቁር ገበያው ደርቶ ነበር። የስኳሩ ራሽን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ እንኳ እስከ 1947 ቆይቷል። የገቢ ግብርን ገና ከደመወዝ ላይ ቆርጦ ማስቀረትም በ1943 መጥቶ እስከ ዛሬ የዘለቀ አሠራር ነው።

ተቀጣሪ ሴቶች ከ12 ሚሊዮን ወደ 18 ሚሊዮን ገደማ ደረሱ። መንግሥት የሕፃናት መዋያ ከፈተላቸው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ዘጋው።

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው የባቡር አስተናጋጆቹ ታሪክ ነው። በፑልማን ኩባንያ የመኝታ ባቡሮች ላይ ሻንጣ የሚሸከሙትና አልጋ የሚያነጥፉት ጥቁሮች በ1925 የሠራተኛ ማኅበር አቋቋሙ፣ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍን መሪ አደረጉ፣ ከ12 ዓመት ትግል በኋላም ኩባንያውን የኅብረት ስምምነት አስፈረሙት። በ1941 የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ሠራተኛ በገፍ ሲቀጥሩ ጥቁር ሲመጣ ግን በሩን ይዘጉ ነበር። ራንዶልፍ ለጁላይ 1 የዋሽንግተን ሰልፍ ጠራ። መጀመሪያ 10 ሺህ ሰው አለ፣ ቆይቶ 100 ሺህ አደረሰው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሊያግባቡት ሞከሩ፣ ባለቤታቸውንም ላኩበት፣ በመጨረሻ ራሳቸው አስጠርተው አነጋገሩት፤ እሱ ግን ትዕዛዙ በጽሑፍ ካልወጣ ሰልፉን አልሰርዝም አለ። ጁን 25 ትዕዛዝ ቁጥር 8802 ወጣ፤ በመከላከያ ኢንዱስትሪና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰውን በዘሩ ከሥራ ማግለል ተከለከለ። 100 ሺህ ሰው በእውነት ይወጣ ነበር ወይ በሚለው ላይ የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ። ማኅበሩ ግን በየመስመሩ አባል ያለው፣ የጥቁሮችን ጋዜጣ ከሰሜን ተሸክሞ እስከ ደቡብ የሚያደርስ ስለነበር ማንም የሚንቀው ኃይል አልነበረም።

ትዕዛዙን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው ኮሚቴ መቅጣት አይችልም ነበር። ያም ሆኖ በመከላከያ ኢንዱስትሪ የጥቁር ሠራተኛ ድርሻ ከ3 በመቶ ገደማ ተነስቶ ወደ 8 በመቶ ደርሷል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የኮሚቴው ሥራ፣ ምን ያህሉ የሠራተኛ እጥረት ውጤት እንደሆነ መለየት ይከብዳል። ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው ጋዜጣ በ1942 ከካንሳስ አንድ ወጣት የላከለትን ደብዳቤ ተከትሎ «ድርብ ድል» የሚል ዘመቻ ከፈተ፤ በውጭ በፋሺዝም ላይ፣ በአገር ውስጥ በዘረኝነት ላይ።

የነጮቹ ተቃውሞ ከባድ ነበር። በጁን 1943 ዲትሮይት ውስጥ በተነሳ የዘር ሁከት 34 ሰዎች ሞቱ፣ 25ቱ ጥቁሮች ናቸው። በኦገስት 1944 ፊላዴልፊያ ውስጥ 8 ጥቁሮች የከተማ ባቡር ለመንዳት መሠልጠን ስለጀመሩ ብቻ ነጮቹ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ሩዝቬልት ጦር ልከው አድማውን አስቆሙት፣ ጥቁሮቹም ሥራውን ያዙ።

እኚሁ ሩዝቬልት ናቸው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ትዕዛዝ ቁጥር 9066ን የፈረሙት። ከምዕራብ ጠረፍ ወደ 120 ሺህ የሚሆኑ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች በእጃቸው የያዙትን ብቻ ይዘው ተነሱ። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። እርሻና ሱቃቸውን በርካሽ ሸጡ፣ አንዳንዶቹ መጀመሪያ በፈረስ ጋጥ ውስጥ አደሩ፣ ከዚያ እንደ ማንዛናርና ቱሊ ሌክ ባሉ 10 ካምፖች ታጎሩ። ክስም ፍርድም አልነበረም። ሰበቡ የጸጥታ ስጋት ነው። ሃዋይ ውስጥ ግን የጃፓን ዝርያ ያለው ከሕዝቡ ሲሶ ያህል ነበር፣ ጥቃቱም የደረሰው እዚያው ነው፣ ሆኖም ደሴቶቹ በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ዋሉ እንጂ የታጎረው ጥቂት ሰው ነው፤ ኢኮኖሚው ያለ እነሱ አይንቀሳቀስም ነበርና። በእኔ እምነት የጸጥታውን ክርክር ይሄ ብቻውን ያፈርሰዋል።

ከእነዚሁ የጃፓን ዝርያ ካላቸው ዜጎች አንዱ ፍሬድ ኮሬማትሱ አልነሳም ብሎ ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 1944፣ በ6 ለ3 ድምፅ ፈረደበት። በዚያው ዕለት ሚትሱዬ ኤንዶ በተባለች ሴት ጉዳይ ደግሞ መንግሥት ታማኝነቷን ያመነላትን ዜጋ አስሮ ማቆየት እንደማይችል ወሰነ። ይኸው ፍርድ ቤት በ1943 ተማሪዎች ባንዲራ እንዲሳለሙ ማስገደድን ከልክሏል፤ ያውም በጦርነቱ መሀል።

የባቡር አስተናጋጆቹ መሪ ራንዶልፍ ከጦርነቱ በኋላም አላረፈም። ሠራዊቱ ገና በዘር ተከፋፍሎ ስለነበር፣ ጥቁር ወጣቶች ለምልመላ እንዳይቀርቡ እቀሰቅሳለሁ ብሎ አስጠነቀቀ፤ በጁላይ 1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን በሠራዊቱ ውስጥ እኩል አያያዝ እንዲኖር አዘዙ። ለጃፓን አሜሪካውያኑ ካሳ ለማግኘት ግን ከ40 ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ1988 መንግሥት በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፣ በሕይወት ለተረፈ ለእያንዳንዱ 20 ሺህ ዶላር እንዲከፈል ተወሰነ። የኮሬማትሱን ፍርድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስህተት እንደነበር የተናገረው በ2018 ነው።