ፕሉስቫሌንዛ ምንድን ነው? ሉካኩን ሸጦ የከረመው ኢንተር

የጣሊያንን የዝውውር ወሬ የሚከታተል ሰው ፕሉስቫሌንዛ የምትባለውን ቃል ሳይሰማ አንድ ክረምት አያልፍም። ክለቡ ምርጥ አጥቂውን ይሸጣል። ደጋፊው ያብዳል። በማግስቱ ጋዜጦቹ ብቅ ይሉና ክለቡ ስንት ሚሊዮን ፕሉስቫሌንዛ እንዳገኘ ያሰላሉ። ደጋፊው ይብስ ያብዳል።

ነገሩ ባጭሩ፣ ፕሉስቫሌንዛ ማለት አንድ ክለብ ተጫዋች ሲሸጥ በሂሳብ መዝገቡ ላይ የሚያስመዘግበው ትርፍ ነው። «በሂሳብ መዝገቡ ላይ» የምትለዋን ያዙልኝ። ብዙ ሰው የተሸጠበት ዋጋ ሲቀነስ የተገዛበት ዋጋ ይመስለዋል። አይደለም።

ለዚህ ከሮሜሉ ሉካኩ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኢንተር ሚላን በ2019 ክረምት ከማንችስተር ዩናይትድ ሲያመጣው፣ ቦነሱን ሳንቆጥር 65 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ከፍሏል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ውሉ የ5 ዓመት ነበር። ሂሳብ ክፍሉ ታዲያ 65 ሚሊዮኑን የአንድ ዓመት ወጪ አያደርገውም። ለ5 ያካፍለዋል፣ በዓመት 13 ሚሊዮን። ታክሲ የገዛ ሰው በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እንደሚይዘው መሆኑ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላ 26 ሚሊዮኑ ተቀንሷል፣ መዝገቡ ላይ የቀረው 39 ሚሊዮን ነው። ልጁ በነዚህ ሁለት ዓመታት ሜዳ ላይ ይሻለው ይባስበት መዝገቡ ግድ የለውም። ኦገስት 2021 ላይ ቼልሲ 115 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ይዞ መጣ። 115 ሲቀነስ 39፣ 76 ሚሊዮን። ትክክለኛው የመዝገብ ቁጥር በቦነስና በኮሚሽን ምክንያት ወዲህ ወዲያ ይላል፣ መንገዱ ግን ይሄው ነው።

አሁን ጣፋጩ ክፍል ይመጣል። ሲገዙ ወጪው ለዓመታት ይከፋፈላል። ሲሸጡ ግን ትርፉ በሙሉ በሽያጩ ዓመት ይመዘገባል፣ ገዢው ገንዘቡን በሦስትና በአራት ዙር ቢከፍልም እንኳ። ስለዚህ አንድ ክለብ ዛሬ በዝቅተኛ ዋጋ የተመዘገበ ተጫዋቹን በ60 ሚሊዮን ሸጦ፣ ዛሬውኑ ሌላ ተጫዋች በ60 ሚሊዮን ቢገዛ፣ ኪሱ ውስጥ የተረፈ ሳንቲም ሳይኖር በወረቀት ግን የዓመቱ አትራፊ ሆኖ ይወጣል። የአብዛኞቹ የጣሊያን ክለቦች የበጀት ዓመት ጁን 30 ይዘጋል። በጁን የመጨረሻ ሳምንት ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ልጆች ወዲያና ወዲህ የሚሸጡት ለምን እንደሆነ ገባችሁ አይደል?

ከአካዳሚ የወጣ ልጅ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የተገዛበት ዋጋ ስለሌለው የሚሸጥበት ገንዘብ ከሞላ ጎደል ሁሉም ትርፍ ነው። ውሉን ጨርሶ በነፃ የመጣም እንደዚያው። ክለቦች ያሳደጉትን ልጅ ቶሎ ወደ ገበያ የሚያወጡት ለፍቅር ማነስ ብቻ አይደለም።

ወደ ኢንተር እንመለስ። በ2020/21 ሻምፒዮን ነበሩ፣ በ91 ነጥብ፣ 19ኛውን ስኩዴቶ (የጣሊያን ሊግ ዋንጫ)። ሉካኩ 24 ጎል አግብቶ 11 አቀብሎ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። አንድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ገንዘብ ይፈልጋል። ኮቪድ ስታዲየሙን ዘግቶታል። ባለቤቱ የቻይናው ሱኒንግ ቤቱም ችግር ገብቶበት ነበር። በሜይ 2021 ኦክትሪ ከሚባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት 275 ሚሊዮን ዩሮ ተበደሩ። የዚያ የድል ዓመት ኪሳራ 245.6 ሚሊዮን ዩሮ ሆኖ ተመዘገበ። ዋንጫ ባነሱበት ዓመት! አሰልጣኙ አንቶኒዮ ኮንቴ የሚመጣውን አይቶ ዋንጫው በተነሳበት ወር ውስጥ ሻንጣውን ሸከፈ። አሽራፍ ሃኪሚ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ከሪያል ማድሪድ በ40 ሚሊዮን ገደማ የተገዛው፣ በ60 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ለፓሪ ሰን ዠርማ ተሸጠ። ክርስቲያን ኤሪክሰን በአውሮፓ ዋንጫ ሜዳ ላይ ወደቀ፣ ከዚያ በኋላ ለኢንተር አልተጫወተም። ሉካኩ ይቀራል ሲባል ኦገስት ላይ እሱም ሄደ።

ደጋፊው የተናደደው በሽያጩ ብቻ አልነበረም። በምትኩ የመጣውን አይቶ ነው። ኤዲን ዜኮ፣ ከሮማ፣ 35 ዓመቱ፣ የዝውውር ዋጋው ከምንም የማይቆጠር። ሃካን ቻልሃኖግሉ ከከተማ ባላንጣው ሚላን በነፃ። ትንሽ ቆይቶ ሆአኪን ኮሬያ ከላትሲዮ። በሂሳብ አይን ሲታይ ቆንጆ ሥራ ነው፣ ትልቅ ገንዘብ ገብቶ ትንሽ ወጥቷል። አሰልጣኙም ተቀይሯል፣ ሲሞኔ ኢንዛጊ።

ሊጉ ተጀመረ። ጄኖዋን 4 ለ 0። ቬሮናን 3 ለ 1፣ ኮሬያ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት አስቆጠረ። ቦሎኛን በሜዳቸው ሳን ሲሮ 6 ለ 1 (ይቺን ቦሎኛ አትርሷት)። «ሉካኩ ማነው?» የሚል ደጋፊ መታየት ጀመረ። በዲሴምበር ካልያሪን 4፣ ሳሌርኒታናን 5። ጃንዋሪ 12 ላይ በሱፐር ካፑ ዩቬንቱስን በጭማሪው ሰዓት የመጨረሻ ሰከንዶች፣ በ120+1ኛው ደቂቃ፣ አሌክሲስ ሳንቼዝ 2 ለ 1 ቀጣው።

ከዚያ ፌብሩዋሪ መጣ።

በደርቢው ኢንተር በፔሪሲች ጎል እየመራ 75ኛው ደቂቃ ደረሰ። ኦሊቪየ ዢሩ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት አግብቶ ሚላን 2 ለ 1 አሸነፈ። ቀጥሎ ከናፖሊ ጋር 1 ለ 1። በሳምንቱ ሳን ሲሮ ላይ በሳሱኦሎ 2 ለ 0 ተሸነፉ። ከዚያ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ከነበረው ጄኖዋ ጋር ባዶ ለባዶ። ላውታሮ ማርቲኔዝ በሊጉ ጎል ከጠፋበት ወራት ሆኖታል፣ የተላቀቀው ማርች 4 ላይ ሳሌርኒታና ላይ ሀትሪክ ሲሠራ ነው፣ እሱም 5 ለ 0 በተጠናቀቀ ጨዋታ። ከዚያ እንደገና ከቶሪኖ 1 ለ 1፣ ከፊዮሬንቲና 1 ለ 1።

እዚህ ጋ ነው ፕሉስቫሌንዛው የማይነግረን ነገር ያለው። ቁጥሩን በጅምላ ብታዩት ሉካኩ መሄዱ ምንም አልጎዳም ትላላችሁ። በሻምፒዮናው ዓመት ኢንተር 89 ጎል አስቆጥሮ ነበር፣ ሉካኩ በሌለበት ዓመት 84። ከሊጉ ሁሉ ብዙ ጎል ያገባው ቡድን ኢንተር ነው። ላውታሮ ከ17 ወደ 21 አድጓል፣ ሽማግሌው ዜኮ 13 አግብቷል። የገባባቸው እንዲያውም ከ35 ወደ 32 ቀንሷል። ስኩዴቶውን የወሰደው ሚላን ያገባው 69 ብቻ ነው! ጎሉ ግን ሲመጣ ተጠራቅሞ ይመጣል፣ 6፣ 5፣ 4 እየሆነ፣ ሲጠፋ ደግሞ ወር ሙሉ ይጠፋል። ሉካኩ በኮንቴ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነበር። ቡድኑ ሲጨነቅ ኳሱን ወደ ላይ ይጥሉለታል፣ ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ተከላካዩን በትከሻው ይዞ ያቆማታል፣ ሃኪሚ በቀኝ ይፈተለካል። እንደ ጄኖዋ ያለ ዘጋግቶ የተቀመጠ ቡድን ላይ ጨዋታው ባይጥምም አንዷን ጎል የሚያመጣ ሰው ነው። ዜኮ በእግሩ ከሉካኩ የተሻለ ኳስ ይጫወታል፣ ብዙ ጨዋታ ያማረውም በእሱ ነው፣ ግን 35 ዓመት 35 ዓመት ነው። በየሦስት ቀኑ ሲጫወት ከተከላካይ ጋር ለመሮጥ እግሩ እሺ አይለውም።

በቻምፒየንስ ሊግ ከሊቨርፑል ጋር የተደረገውም ያው ነው። ሳን ሲሮ ላይ በደንብ ተጫውተው 2 ለ 0 ተሸነፉ፣ አንፊልድ ሄደው ላውታሮ ግሩም ጎል አገባና 1 ለ 0 አሸነፉ፣ በድምር ውጤት ግን ተሰናበቱ።

እና ቦሎኛ። በኮቪድ ምክንያት ከጃንዋሪ የተላለፈ ተስተካካይ ጨዋታ፣ ኤፕሪል 27። ፔሪሲች ገና በ3ኛው ደቂቃ አገባ። አርናውቶቪች አቻ አደረገ። 81ኛው ደቂቃ ላይ ፔሪሲች ከእጅ ውርወራ ኳሷን ለግብ ጠባቂው ራዱ መለሰለት። ራዱ ደግሞ ሳሚር ሃንዳኖቪች ተጎድቶ በምትኩ የገባ ተጠባባቂ ነው። ኳሷን ሊለጋ እግሩን ሰነዘረ፣ ሳታገኘው አለፈች፣ ኒኮላ ሳንሶኔ ባዶ ጎል ውስጥ ገፋት። 2 ለ 1። በሴፕቴምበር ወር ስድስት ጎል የተቆጠረበት ቡድን! በመጨረሻው ቀን ሚላን ሳሱኦሎን 3 ለ 0፣ ኢንተርም ሳምፕዶሪያን 3 ለ 0፣ ሰንጠረዡ 86 ለ 84 ሆኖ ተዘጋ። የቦሎኛን ሦስት ነጥብ ቢይዙ 87 ይሆኑ ነበር። ሁሉም ራዱን ወቀሰ፣ ለኔ ግን የሳሱኦሎና የጄኖዋው ይብሳል፣ አምስት ነጥብ በሜዳቸውና በወራጅ ቡድን ላይ ያለ አንዲት ጎል ጥለዋል።

ያም ሆኖ ዓመቱ የውድቀት አልነበረም። ሜይ 11 ሮም ላይ በኮፓ ኢታሊያ (የጣሊያን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍፃሜ ዩቬንቱስን ከጭማሪ ሰዓት ጋር 4 ለ 2 ረቱት፣ ፔሪሲች ሁለት አገባ። ሁለት ዋንጫ፣ ሁለተኛ ደረጃ። ሉካኩን ሸጦ ለከረመ ቡድን ጥሩ ነው የሚልም አለ፣ ያንን ቡድን ይዞ ስኩዴቶ ማጣት ነውር ነው የሚልም አለ። እኔ ሁለተኛው ወገን ነኝ።

ሌላው ደጋፊውን ያልገባው ነገር፣ ሃኪሚም ሉካኩም ተሸጠው የ2021/22 ሂሳብ ሲዘጋ ኪሳራው አሁንም 140 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ሽያጩ ጉድጓዱን አጠበበው እንጂ አልደፈነውም። ሁለቱ ባይሸጡ ስንት ይሆን እንደነበር አስቡት። ለዚህ ነው ሽያጩን እኔም አልቃወምም የምለው፣ የምቃወመው ከገባው ገንዘብ ወደ ሜዳ የተመለሰውን መጠን ነው። ሉካኩ ደግሞ ለንደን አልተመቸውም። በሊጉ 8 ጎል አግብቶ ከዓመት በኋላ በውሰት ሚላኖ ተመለሰ፣ ኢንተር ለውሰቱ 8 ሚሊዮን ገደማ ከፈለ።

እስካሁን ያወራነው ስለ እውነተኛው ፕሉስቫሌንዛ ነው፣ ገንዘብ በርግጥ ስለገባበት። ቃሉ በጣሊያን ስሙ የጠፋው በሌላኛው ዓይነት ነው። ሁለት ክለቦች ተጫዋች ይለዋወጣሉ። የተጫዋችን ዋጋ የሚተምን ገበያ ስለሌለ ሁለቱም የልጆቻቸውን ዋጋ ይሰቅላሉ፣ አንዱ 10 ሚሊዮን ሌላውም 10 ሚሊዮን ይላል። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አልተላለፈም፣ ሁለቱም ግን ትርፍ መዝግበዋል። ኪዬቮ በዚህ ዓይነት ነገር በ2018 ሦስት ነጥብ ተቀንሶበታል። ትልቁ ግን የዩቬንቱስ ነው። ጃንዋሪ 2023 ላይ 15 ነጥብ ተቀነሰበት፣ ይግባኝ ብሎ ተመለሰለት፣ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ በሜይ ወር አስር ነጥብ ተቀነሰ፣ ሊጉን 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። ተጫዋቹ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ነጥቡ ሲሰጠውና ሲወሰድበት ምን ይሰማው እንደነበር እሱ ይወቀው። ችግሩ የተጋነነ ዋጋን ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው፤ አንድ የ19 ዓመት ልጅ 8 ሚሊዮን አያወጣም ብሎ የሚምል ማን ነው?

ፕሉስቫሌንዛ ሁልጊዜ ቡድን ያፈርሳል ማለት ግን አይደለም፣ ኢንተር ራሱ በሌላ ጊዜ አሳይቶናል። አንድሬ ኦናና በ2022 ከአያክስ በነፃ መጣ። በዓመቱ ኢንተርን ለቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ አበቃ፣ ከዚያ ማንችስተር ዩናይትድ 50 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ከፍሎ ወሰደው። በነፃ ስለመጣ ገንዘቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ትርፍ ነው። ደጋፊው እንደልማዱ አበደ። በምትኩ ከባየርን የ34 ዓመቱ ያን ዞመር በ6 ሚሊዮን አካባቢ ተገዛ፣ በ2023/24 ኢንተር በሊጉ 22 ጎል ብቻ ገብቶበት በ94 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ።