መቼ ነው «ወደቀ» የሚባለው? ስለ ባህላዊ ትግል የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባሉ ሜዳዎች ወጣቶች ትግል ሲገጥሙ አንድ ጭቅጭቅ አይጠፋም። አንዱ ወገን «ወደቀ!» ይላል፤ ሌላው «ጉልበቱ ብቻ ነው የነካው!» ብሎ ይሞግታል። መጨረሻ ላይ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ይነሳና «በዓለም ሁሉ ደንቡ አንድ ነው፤ ጀርባው መሬት ያልነካ አልተሸነፈም» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ስህተት ነው። ስንት ጊዜ ተነግሮ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ ሲታይ ያታክታል።

በኮሪያው ሲሩም ጉልበት ወይም ከጉልበት በላይ ያለ ማንኛውም የሰውነት ክፍል አሸዋውን ከነካ ተጫዋቹ ተሸንፏል። በሞንጎሊያው ቦክ ጉልበት ወይም ክርን መሬት ከነካ አለቀ፤ መዳፍ ግን ቢደገፍ ችግር የለውም። በስፔን ካናሪ ደሴቶች ትግል ከውስጥ እግር በስተቀር ምንም የሰውነት ክፍል መሬት መንካት የለበትም። የሴኔጋሉ ላምብ ደግሞ አንድ ጉልበትን ይታገሳል፤ ሁለት እጅና ሁለት ጉልበት አንድ ላይ ሲያርፉ፣ ወይም መቀመጫ ወይም ጀርባ ሲነካ ግን ሽንፈት ነው። በፈረንሳይ ብረታኝ የሚዘወተረው ጉሬን የሚባል ትግል ከሁሉም ጥብቅ ነው፦ ሙሉ ድል የሚሰጠው ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች ከሌላው የሰውነት ክፍል ቀድመው እኩል መሬት ሲመቱ ብቻ ነው። በጎን ወይም በሆድ የወደቀ ተነስቶ ይቀጥላል።

ልዩነቱ የዳኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስልቱን ሁሉ የሚወስነው ይኸው ነው። የጉሬን ታጋይ ከመሬት ሲነሳ አየር ላይ ተገልብጦ በሆዱ መውደቅን ይለማመዳል፣ ያድነዋልና። ይህንኑ ካናሪ ላይ ቢያደርገው ምንም አይጠቅመውም፣ እዚያ ሆድ መሬት ቢነካም ሽንፈት ነውና። ዝቅ ብሎ በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ እግር የሚይዝ ሰው ሴኔጋል ዳካር ላይ ጥሩ አጥቂ ነው፤ ሲሩም ላይ ግን ባላጋራውን ሳይነካ ተሸንፏል። ስለዚህ ደንቡን ትቶ ስልቱን ብቻ ከስልክ የሚቀዳ ልጅ እየተማረ ያለው መሸነፍን ሊሆን ይችላል።

በዳሌ መጣልን እንይ። ባላጋራውን ወገቡ ላይ ይዞ፣ ቀኝ እግርን በሁለቱ እግሮቹ መካከል ማስገባት፣ ግራውን ወደ ኋላ አዙሮ ጀርባ መስጠት፣ ዳሌን ከእሱ ዳሌ ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ ፊት እየሳቡ ጉልበትን ቀጥ ማድረግ። የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ጀማሪው ጉልበቱን ሳያጥፍ ከወገቡ ይጎነበሳል። ያኔ ክብደቱ ሁሉ ታችኛው ጀርባው ላይ ያርፍና የራሱ ጉልበት ይከዳዋል፤ አብረው ይወድቃሉ። ይህ ውድቀት ጉሬን ላይ ቁም ነገር ላይሆን ይችላል፤ ሲሩም ላይ ግን ቀድሞ የነካው ጣይ ራሱ ተሸናፊ ነው።

እናም ግጥሚያ ከመጀመሩ በፊት አራት ነገር ይወሰን፦ የትኛው የሰውነት ክፍል ሲነካ ነው ሽንፈት፤ የሚያዘው ልብስ ነው፣ መቀነት ነው ወይስ ገላ ብቻ፤ ከመታገያው ክብ መውጣት ምን ያስከትላል፤ ሁለቱም እኩል ቢወድቁ ይደገማል ወይስ አይደገምም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳይወስኑ ገጥሞ በኋላ መጣላት ለትግሉም ለጓደኝነቱም ክብር ማጣት ነው።

ሌሎቹን የተሳሳቱ አመለካከቶች ባጭሩ።

«በአፍሪካ ትግል ያለው ሴኔጋል ነው።» ከዳካር ይልቅ ለእኛ የሚቀርቡት የሱዳን ኑባዎች ናቸው። ደቡብ ሱዳን ዲንካና ሙንዳሪ፣ ቶጎ ካብዬዎች አሉ። የራሳችንም ትግል ከገና፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር በባህል ስፖርት ውድድር ውስጥ ነው።

«ላምብ ቡጢ ነው።» ቡጢ የተፈቀደበትም ያልተፈቀደበትም ዓይነት አለው።

«ዘይት የተቀባ ሰው መያዣ የለውም።» በቱርክ ኤዲርኔ ዘይት ተቀብተው የሚታገሉት ወፍራም የቆዳ ሱሪ ይለብሳሉ፤ እጅ በሱሪው ወገብና ከጉልበት በታች ባለው ጫፉ ገብቶ ይይዛል። ድሮ ግጥሚያው የጊዜ ገደብ አልነበረውም፤ ገደብ የመጣው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው።

«ግሪክ ሮማ የሚባለው ትግል ከጥንት ግሪኮች የመጣ ነው።» በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ የተቀረጸ ነው። የጥንቶቹ ግሪኮች እግር ይጠልፉ ነበር፤ በዚህኛው ክልክል ነው።

«ሜዳ ከሆነ የትም ይቻላል።» ይህ አጥንት ያስሰብራል። ገረጋንቲ የፈሰሰበት ሜዳ ለትግል አይሆንም፤ የደረቀ ጥቁር አፈርም እንደ ድንጋይ ነው። ስዊሶች ሽቪንገን ለሚሉት ባህላዊ ትግላቸው 12 ወይም 14 ሜትር ስፋት ያለው ክብ በሰጋቱራ ይሞላሉ። እዚህ ዲያሜትሩ 7 ሜትር የሆነ ክብ በ25 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ለመሙላት ወደ 10 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። የግንባታ አሸዋ ጠጠርና ሚስማር ስላለው በወንፊት ይነፋ። በክረምት ዝናብ ይጠጥራልና ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት በአካፋ ይገልበጥ፤ ተረከዝ በኃይል ሲረግጠው ካልሰመጠ አልተዘጋጀም። ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት የምታመጡ ከሆነ ማግኔት አሳልፉበት።

አወዳደቅም ይማሩት። እጅ ዘርግቶ መሬት መደገፍ አንጓና ክርን ይሰብራል። አገጭ ደረት ላይ ይጣበቅ፣ ክንድ ወደ ገላ ይሰብሰብ፣ ጀርባ ክብ ይሁን። መጀመሪያ ከቁጢጥ፣ ቀጥሎ ከቁም። ይህን ሳይችል ማንም አይጣል።

የመጨረሻው የእኛው የጣና ዳር ስህተት ነው፦ «ውሃውን ካልጠጣነው ቢልሃርዚያ አይዘንም።» ትሉ በአፍ ሳይሆን በቆዳ ይገባል፤ ቆዳው ባይቆስልም በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። አስተላላፊው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ደግሞ ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ታጋዮቹ አሸዋቸውን ለማራገፍ የሚገቡትም እዚያው ነው። በጄሪካን የቧንቧ ውሃና ሳሙና ይዛችሁ ኑ። ቀደም ሲል እየገባ ሲታጠብ የነበረ፣ ሆዱን የሚያመው ወይም ሰገራው ውስጥ ደም ያየ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ ፕራዚኳንተል የሚባል መድኃኒት አለው።