ዚን ምንድን ነው? ታጥፎ የተሰፋ ሁሉ ዚን አይባልም

ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ወላጆች «ዚን እያሠራናቸው ነው» ሲሉ ደስ ይለኛል። ለፎቶኮፒ ይዘውት ሲመጡ ግን ብዙውን ጊዜ የማየው የግንቡ ሥዕል ቀለም ተቀብቶ፣ ከሥሩ «ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 በአፄ ፋሲለደስ ተመሠረተች» የሚል ከመጽሐፍ የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱም አንድ ቅጂ ብቻ፣ ለማኅደር። ይህ ያማረ ደብተር ነው፤ ዚን አይደለም።

ዚን ሰው የራሱን ጉዳይ በእጁ ጽፎና ሥሎ፣ አባዝቶ ለሌላው የሚሰጠው ትንሽ ኅትመት ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሳይንስ ልቦለድ ወዳጆች ሲያዘጋጁት በፖስታ ይላላኩት ነበር፤ አንባቢውም መልስ ይጽፋል። ወላጆች የሚዘሉት ይህንኑ ነው።

የቡናን ሥርዓት አስቡት። ጎረቤት ሳይጠራ የተፈላ ቡና ይጠጣል፣ ግን ጨዋታ የለውም። የመጀመሪያው እትም አቦል ነው፤ ወሬው የሚደራው ቶናው ላይ ነው። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሰፈሯ ውስጥ ውኃ የሚመጣበትን ቀን መዝግባ ዚን ሠራች፦ አንዱ ገጽ ሽፋን፣ ሰባቱ የሳምንቱ ቀናት፣ ውኃ በመጣበት ቀን የተደረደሩ ጀሪካኖች፣ ባልመጣበት ባዶ ባልዲ። ጎረቤቷ እትዬ አንብበው «የኔ ልጅ፣ ማክሰኞ ሌሊትም መጥቶ ነበር፤ አንቺ ተኝተሽ ነው» አሏት። ልጅቷ ቤት ለቤት ዞራ ጠይቃ፣ ማክሰኞን አርማ ሁለተኛ እትም አወጣች። መጠየቅን፣ ማመሳከርን፣ ማረምን በአንድ ሳምንት ተማረችው። ክፍት ቦታ ሙላ የሚል ወረቀት ይህን ከየት ያመጣዋል?

አንድ መምህር «የፊደል ስሕተት ያለበትን እንዴት ለሰው ይሰጣል?» ብለው ሞገቱኝ። እኔ ደግሞ ልጁ ጎረቤት እንደሚያነበው ሲያውቅ «ሀ ነው ሐ?» ብሎ ራሱ ሲጠይቅ አይቻለሁ። ሲጠይቅ መልሱለት። እናንተ አስተካክላችሁ ከጻፋችሁለት ግን ዚኑ የእናንተ ሆነ። ሒሳብንና ንባብን ይተካል አላልኩም፤ ለእነሱ ሌላ ሰዓት ያዙላቸው።

አስተጣጠፉን ማንም ያሳያችኋል። የማባዣ ማሽኑን ጠባይ ግን እኔ ልንገራችሁ። እርሳስ ደብዝዞ ይወጣል። ቢጫ ቀለም በጥቁርና ነጭ ኮፒ ላይ ይጠፋል፤ የልጅቷን ቢጫ ጀሪካኖች ዙሪያቸውን በጥቁር እስክሪብቶ ያስከበብናት ለዚህ ነው። ማሽኑ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ስለማያትም ዳር ዳሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉለት። ከአንድ ኤፎር ወረቀት ስምንት ገጽ ስታወጡ አንደኛው ረድፍ ተዘቅዝቆ ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን ወረቀት አጥፋችሁ ገጾቹን ቁጥር ስጧቸው። ኮፒ የሚደረገው የወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ ስለሆነ ስምንቱ ገጽ በአንድ ኮፒ ዋጋ ይወጣል። ለጀማሪ አምስት ቅጂ ይበቃል፤ ለማን ለማን እንደሚሰጥ ልጁ ራሱ ይወስን።